ለሰደድ እሳት የግል ዶዘርና የውሃ ቦቴ ስትከራዩ

ውሉን እሳት ሳይነሳ ተፈራረሙ። ጭስ ከታየ በኋላማ ባለንብረቱ የጠራውን ትከፍላላችሁ። ነዳጁ የማን ነው? ኦፕሬተሩ ሲደክም ማን ይተካዋል? ማሽኑ ቆሞ ሲውል እንዴት ይታሰባል? ሦስቱ ካልተጻፉ ጠብ አይቀርም።

እኔ ቦቴ ስረከብ ከወረቀቱ በፊት ፓምፑን አስነስቼ ውሃ አስረጫለሁ። አንድ ጊዜ ይህን ዘልዬ፣ የቱቦው መግጠሚያ ከእኛው ጋር አልገጥም ብሎ 8,000 ሊትር ውሃ ይዘን እሳቱን ቆመን አየነው። ታንኩ ውስጥ ውሃውን የሚከፋፍል ግድግዳ መኖሩንም ጠይቁ፤ ከሌለ፣ ግማሽ የሞላ ቦቴ ኩርባ ላይ ውሃው ተናውጦ ሊገለብጠው ይችላል። 8,000 ሊትር ደግሞ 8 ቶን ነው፤ ድልድዩን አስቡት።

መንገድ የቆረጠ ዶዘረኛ ሁሉ የእሳት መስመር፣ ማለትም እሳቱ እንዳይሻገር የሚጠረግ ባዶ መሬት፣ አይቆርጥም። ቅጠሉና ሥሩ ተነቅሎ ንጹሕ አፈር እስኪታይ መጥረግ፣ ያልተቃጠለውን ቁጥቋጦ እሳቱ ወደሌለበት ጎን መግፋት አለበት። ሬዲዮ ሳይዝ፣ መሸሻውን በዓይኑ ሳያይ ግን አታስገቡት፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

የሥራ ሰዓቱን በየምሽቱ ሁለታችሁም ፈርሙ። ማሽኑንም ስትረከቡ ዙሪያውን ፎቶ አንሱት፣ ድሮ የተሰነጠቀው መስታወት በእናንተ ሂሳብ እንዳይመጣ።