ሞተር ሳይክልዎ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

ሞተሬ ቤንዚን በላ ብለው ወደ መካኒክ ከሚሄዱት መካከል ብዙዎቹ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጓዙ ቢጠየቁ መልስ የላቸውም። የሚያውቁት በስንት ብር ስንት ቀን እንደነዱ ነው፤ የቤንዚን ዋጋ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይህ ስሌት ጤነኛውን ሞተር ጥፋተኛ ያደርገዋል። ስለዚህ ምንም ነገር ከማስፈታትዎ በፊት ይለኩ።

ማደያ ሲገቡ ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ ቤንዚኑ በሳልባትዮው (በቤንዚን ማጠራቀሚያው) አፍ ውስጥ ካለው የብረት ጠርዝ ሥር ሲደርስ ያስቁሙና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡ። እንደ ወትሮዎ ሥራ እየተመላለሱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ ወደዚያው ማደያ ተመልሰው በዚያው አቋቋም እስከዚያው ጠርዝ ያስሞሉ። ቆጣሪው ከ9,412 ተነሥቶ 9,618 ቢደርስና 4.6 ሊትር ቢገባ፣ 206ን ለ4.6 ሲያካፍሉ በሊትር 44.8 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ። ሞተሩ በጎን ማቆሚያው ዘንበል ብሎ ቆሞ ግማሽ ሊትር አሳንሰው ቢሞሉ ግን ውጤቱ በሐሰት 50 ይሆናል። ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን መውሰድ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ቁጥሩን ሲያነቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በሊትር ከ30 ወደ 35 ኪሎ ሜትር ማሻሻል በየ100 ኪሎ ሜትሩ ግማሽ ሊትር ገደማ ሲያተርፍ፣ ከ50 ወደ 55 ማሻሻል የሚያተርፈው ከ0.2 ሊትር በታች ነው። ሞተርዎ 50 የሚሄድ ከሆነ ለተጨማሪ ዕቃ ገንዘብ ባያወጡ እመክራለሁ።

ቁጥሩ ዝቅ ካለ በቀላሉ ከሚታየው ይጀምሩ። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው የኋላውን ጎማ በእጅ ያሽከርክሩት፤ ቶሎ ከቆመ ፍሬኑ ይዟል፣ ወይም ሰንሰለቱ ከመጠን በላይ ተወጥሯል። የጎማውን ነፋስም ጠዋት ሳይሞቅ ያስለኩ።

ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል) ላላቸው ሞተሮች ከፍታም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ትርፉ ሳይቃጠል ይወጣል። ለዚህ ምስክሩ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ፈትተው ሲያዩት ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው። ሆኖም በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያና ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሣት ተስቦ ሳይመለስ የቀረ ቾክም ያንኑ ጥላሸት ስለሚያመጡ፣ ካርቡሬተሩን ከማስነካትዎ በፊት እነዚህን ይፈትሹ፤ አንዱን ባስተካከሉ ቁጥርም ሌላውን ሳይነኩ እንደገና ይለኩ።