ባንድሶው አጣሞ ሲቆርጥ፦ አዲስ ምላጭ ከመግዛታችሁ በፊት

ተክለሃይማኖትና መርካቶ አካባቢ ላለ ጠባብ ወርክሾፕ ትንሿ የብረት ባንድሶው፣ በሁለት ጎማዎች ላይ በሚዞር ጥርሳም ምላጭ ብረት የምትቆርጠው መጋዝ፣ ትልቅ ውለታ ትውላለች። እንደ ግራይንደር እሳት አትረጭም፣ ጎረቤት አታውክም። አጣሞ መቁረጥ የጀመረች ቀን ግን ሁሉም የሚወነጅለው ምላጩን ነው። አዲስ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ያው ይጣመማል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ማስተካከያው ላይ ነው።

አጣሞ ይቆርጣል

መጀመሪያ በየት በኩል እንደጠመመ ለዩ። የተቆረጠውን ጫፍ በስኳድራ (በ90 ዲግሪ መለኪያ) ለኩት። ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ከሸሸ ጥፋቱ ብረቱን የሚይዘው ሞርሳ ነው። የማይንቀሳቀሰውን መንጋጋ ቡሎን አላሉ፣ ከምላጩ ጋር በስኳድራ አስተካክሉ፣ አጥብቁ። አለቀ።

ከላይ ወደ ታች ከጠመመ ሌላ ጥያቄ አለ። ከመነሻው ጀምሮ ሰያፍ ነው ወይስ ቀጥ ብሎ ጀምሮ እንደ ቀስት ይታጠፋል?

ከመነሻው ሰያፍ ከሆነ ምላጩን ግራና ቀኝ የሚይዙትን መሪ ኩሽኔታዎች ጠርጥሩ። ሶኬቱን ንቀሉ። ትንሽ ስኳድራ ብረቱ የሚያርፍበት አልጋ ላይ አቁሙና የምላጩን ጎን አስነኩ። ጥርሱን እንዳይነካ፤ ጥርሶቹ ወደ ውጭ ስለተከፈቱ ያሳስቷችኋል። ከኋላ በስልክ መብራት አብሩ። ከላይ ወይም ከታች ብርሃን ካሾለከ ምላጩ ዘሟል ማለት ነው። የመሪውን ቡሎን አላልታችሁ ብርሃኑ እስኪጠፋ በጥቂት በጥቂቱ አዙሩት።

ከዚያ የኩሽኔታዎቹን ጥብቀት እዩ። ከየጥንዱ የአንዱ ቡሎን ከመሃል ወጣ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ሲዞር ኩሽኔታውን ወደ ምላጩ ያስጠጋዋል። ልኩ ይሄ ነው፦ ኩሽኔታው ምላጩን ይነካል፣ በጣት ስታዞሩት ግን ምላጩ ላይ ትንሽ ከበድ ብሎ ይንሸራተታል። ጨርሶ ካልነካ ምላጩ ይዋልላል። አልዞርም ካለ ምላጩንም ራሱንም ይበላል። ሲዞር የሚንገጫገጭ ከሆነ ቀይሩት። አሮጌውን ይዛችሁ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ሱቆቹ ጋ፣ ብትሄዱ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ጠርዙ ላይ ተጽፏል።

እንደ ቀስት ከታጠፈ ምላጩ ላልቷል ወይም ወደ ብረቱ የሚጫነው ክብደት በዝቶበታል። መወጠሪያውን በእጅ፣ ባላችሁ ጉልበት አጥብቁ፤ ቧንቧ ሰክታችሁ ግን አትታገሉ። ጭነቱን የሚያቃልለውን ሞላ ወጠር አድርጉት። የመሪዎቹን ክንዶች ብረቱን ሳይነኩ የቻላችሁትን ያህል አስጠጉ። ብዙ ሰው ይህቺን ይረሳል፣ የምታመጣው ለውጥ ግን ትልቅ ነው።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎም ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ከሄደ፣ አሁን ምላጩን ውቀሱ። አንዱ ወገን ጥርሱ ደንዟል።

ጥርስ ይረግፋል

ምክንያቱ ስስ ብረት በሻካራ ጥርስ መቁረጥ ነው። ቢያንስ 3 ጥርስ በአንድ ጊዜ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት ይባላል። በኢንች 14 ጥርስ ያለው ምላጭ በጥርስና ጥርስ መካከል 1.8 ሚሊሜትር ያህል ርቀት አለው። የ1.5 ሚሊ ቱቦላሬ ግድግዳ መሃሉ ይገባና ጥርሱን ይነቅለዋል። ለቱቦላሬ በኢንች 24 ጥርስ ያለውን ግጠሙ፣ ጭነቱን አቅሉ። 24ም ቢሆን 3ቱን አያሟላም፤ ጭነቱ መቅለል ያለበት ለዚህ ነው። አንግል ብረትን እንደ ጣሪያ ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስይዙ። ጠፍጣፋ ብረት በጠርዙ አይቁም፣ ይተኛ።

አዲስ ምላጭ የመጀመሪያዎቹን ቁርጦች በቀላል ጭነት ይሥራ። ጭራሽ አልቆርጥ ካለ ተገልብጦ ገብቶ ይሆናል፤ ጥርሱ ምላጩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ማየት አለበት።

ምላጩ ይወጣል ወይም ጀርባው ይሰነጠቃል

የላላ ምላጭ ይወጣል። ከተወጠረም በኋላ ከወጣ ምላጩ የሚዞርበትን ጎማ ዘንበልታ አስተካክሉ። የምላጩ ጀርባ የጎማውን ከንፈር ሊነካ ይቅረብ እንጂ አይፋተግ። ሲፋተግ ይጮሃል፣ ቆይቶም ጀርባው ይሰነጠቃል። በጎማውና በምላጩ መካከል የተጠራቀመ ፍቅፋቂም ምላጭ ያስወጣል፣ በብሩሽ ጥረጉት።

ፍቅፋቂው ይናገራል

የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ጥሩ ነው። እንደ ዱቄት ከደቀቀ ጭነት አንሷል። ሰማያዊ ከሆነ ፍጥነቱ ወይም ጭነቱ በዝቷል። በእኛ 50 ኸርዝ መብራት እነዚህ ማሽኖች በደቂቃ 20፣ 30 እና 50 ሜትር አካባቢ ይሄዳሉ። ለአይዝጌ ብረት ዝቅተኛውን፣ ለተራው ብረት መካከለኛውን፣ ለአሉሚኒየም ከፍተኛውን ምረጡ። አይዝጌ ላይ ምላጩ ሳይቆርጥ እንዲሽከረከር አትፍቀዱ፤ ብረቱ ይጠነክርና ምላጩን ይጨርሰዋል።

ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም

ወዲያው አጥፉት፣ ጠመዝማዛው ይቃጠላል። ቀጭንና ረጅም ማራዘሚያ ገመድ ተጠቅማችሁ ከሆነ ግድግዳው ላይ በቀጥታ ሰክታችሁ ሞክሩ። መብራት በወረደ ሰዓት ከሆነ እስኪስተካከል ጠብቁ። ሁለቱም ካልሆነ የማስነሻው ካፓሲተር ሊሆን ስለሚችል ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡ፤ ሶኬቱ ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በእጅ አትንኩት።