ጸሎቱ አፍ ላይ ብቻ ሲቀር ምን ይደረግ?

ባጃጅ ውስጥ ሆናችሁ በደሴ መድኃኔዓለም በኩል ስታልፉ ተሳፋሪውን ልብ በሉ። በአንድ እጁ ያማትባል፣ በሌላው ቲክቶክ ያገላብጣል። ማማተቡ ደግ ነው፣ ይቀጥል። ግን እጅ ብቻውን የሚሠራው ሥራ ከሆነ ቆይቷል።

እንዲህ ሲሆን ብዙዎቻችን መጨመር ይቀናናል፤ ሌላ ጸሎት፣ ሌላ ማኅበር፣ ሌላ የዩቲዩብ ስብከት። እኔ ግን ምንም አትጨምሩ ባይ ነኝ። ከለመዳችሁት አንዱን ምረጡና ለአንድ ወር እሱን ብቻ ረጋ ብላችሁ አድርጉት።

ቀላሉ ማማተብ ነው። ጣታችን ከግንባር ወደ ደረት ሲወርድ የጌታን ከሰማይ መውረድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ከጨለማ ወደ ብርሃን ማሻገሩን እንደምንመሰክር ሰንበት ትምህርት ቤት ተምረናል። እንግዲያው ደረታችሁ ላይ ስትደርሱ ትንሽ ቆም በሉ፣ ከዛ ተሻገሩ። በቃ።

አባታችን ሆይ ከበድ ይላል። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ላይ ስትደርሱ የአንድ ሰው ስም ጥሩ። ብር ተበድሯችሁ ስልክ የማያነሳውን ሰውዬ ለምሳሌ። ይቅር ማለት ካቃታችሁ «አቃተኝ» በሉና ቀጥሉ፤ ከማስመሰል ይሻላል፣ ለንስሐ አባታችሁም የምትነግሩት ነገር አገኛችሁ ማለት ነው።

ጾም ላይ ደግሞ፣ ረቡዕ በጌታ ላይ የተመከረበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት መሆኑን ማንም አያጣውም፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ትልቁ ጥያቄ የማን ቤት በያይነቱ ይጥማል የሚለው ነው። (አንዳንዱ በያይነቱማ ከፍስኩም ይበልጣል።) ያልበላችሁበትን የቁርስ ብር ለብቻ አስቀምጡና ዓርብ ማታ ለቸገረው ስጡ። ወይ ሽሮውን ጨመር አድርጋችሁ ጎረቤት ጥሩ። ወሎ ነንና ጎረቤታችን ሙስሊም ቢሆንም የጾም ወጥ የማን እርድ ነው አያሰኝም፣ ከአንድ ትሪ ይበላል።

ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል እርስ በርስ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው። በደሴ ብርድ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ምንጣፉን እያየን፣ ለማንም ያልሆነ እጅ እንነሳለን። ቀና በሉ። የጎናችሁን ሰው ፊት እዩ፣ ከዛ እጅ ንሱ። መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ግድ የለም።

ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም የምትወጡ ካላችሁ፣ የራሳችሁን ስእለት ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ሰፈር ውስጥ ጉልበታቸው ደክሞ መውጣት ያቃታቸው እናት አይጠፉም። የክርስትና ስማቸውን ጠይቃችሁ ያዙና ዳገቱን ስትወጡ ስለ እሳቸው ጸልዩ። ስትመለሱ ጸበሉን አድርሱላቸው፤ ቡና ሳያፈሉላችሁ አይለቋችሁም።