ኦቲዝም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ወንድ ልጅ አፉን ዘግይቶ ነው የሚፈታ» ብሎ መጠበቅ

የሚዘገይ ልጅ እርግጥ አለ። ነገር ግን ዓመት ሞልቶት በስሙ ሲጠሩት የማይዞር፣ በ18 ወሩ የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ ልጅ ሲያጋጥም፣ በተለይ ደግሞ «ማማ»፣ «ውሃ» ይል የነበረው ቃላቱን ሲያጣ፣ መጠበቅ አይገባም፤ የኦቲዝም፣ ማለትም ከሰው ጋር መግባባትን የሚነካ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት፣ ምልክት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር፤ የማይሰማና የማይመልስ ልጅ ላይ ላዩን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ቀጥሎ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ከዚህ በታች ያለውን ለመጀመር ግን የምርመራ ወረቀት መጠበቅ የለብዎትም።

ጥያቄ ማዥጎድጎድ

«ምሳ ትበላለህ? ና እንጂ! አቡሽ፣ አትሰማም? እንጀራው ቀዘቀዘ እኮ!» ለእኛ አንድ ጥሪ ነው፤ ለእሱ ግን አራት የተለያየ መልእክት። የመጀመሪያውን ሳይጨርስ ሁለተኛው ይደርስበትና እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራል። ሳህኑን አሳይተው «አቡሽ፣ ምሳ» ይበሉ። ከዚያ በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። ጨዋታ በሞላበት ቤት አሥር ሰከንድ ዝም ማለት ቀላል አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ሦስት ላይ ይሸነፋል። ካልመለሰ ያንኑ ቃል ይድገሙት፤ በሌላ ቃል ከለወጡት ሥራው አዲስ ይሆንበታል። «ዓይኔን እያየህ መልስ» ማለትም ይቅር፤ ለብዙዎቹ ማየትና ማዳመጥ አንድ ላይ አይሆንላቸውም።

ውሎውን በቃል ብቻ መንገር

ቃል ከአፍ ወጥቶ ይጠፋል፤ ፎቶ ግድግዳው ላይ ይቆያል። የራሱን ጫማ፣ የሚሳፈርበትን ታክሲ፣ የአያቱን በርና አልጋውን በስልክ አንስተው ፎቶ ቤት ያሳትሙ። ካርቶን ላይ ለጥፈው በሰፊ ፕላስተር ይሸፍኑትና እሱ ቆሞ በሚያይበት ቁመት ይስቀሉት። ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ ሰው ጫማ ለጀማሪ አይሠራም፣ የእሱ ጫማ አይደለማ። በሁለት ፎቶ፣ «መጀመሪያ ይህ፣ ከዚያ ያ» ብለው ይጀምሩ፤ ሲለምድ እስከ አራት ያድርሱት። ያለቀውን ራሱ ይገልብጠው። የጠፋ አምፖል ፎቶም ይኑርዎት፤ መብራት በሄደ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ለምን እንደተዘጋ ማስረዳት ከባድ ነው፣ ካርዱንና ባትሪ መብራቱን ማሳየት ግን ቀላል።

እንግዳ ሲመጣ «ሳም!» ብሎ መግፋት

የሚቆላ ቡና፣ የዕጣን ጭስ፣ ሦስት አራት ጊዜ ጉንጭ መሳም፣ ሳቅ፣ ቴሌቪዥን። ሁሉም ባንዴ ሲመጣበት ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ ከሶፋው ወዲያ ደግሞ «አሳዳጊ የበደለው» የሚል ሹክሹክታ ይሰማል። ልዩነቱን ማወቅ ይቻላል። የሚቀብጥ ልጅ እያለቀሰ በጎን ያይዎታል፣ የፈለገውን ሲያገኝም ያቆማል። የተጨናነቀው ልጅ ከረሜላ ቢሰጡትም አያቆምም። ያኔ ምክርም ቁጣም አይገባውም። ቴሌቪዥኑን ያጥፉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ሰውን ያርቁ፣ ራሱን የሚመታ ከሆነ ትራስ ያስገቡለትና አጠገቡ ዝም ብለው ይቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቡናው ሳይቆላ ወደ ጓዳ ወስዶ የሚወደውን መስጠት ነው። ለሰላምታ ከሩቅ እጅ ማውለብለብ ይበቃል፤ እንግዳውም አይቀየምም፣ ቢቀየምም ይለፈው።

አዲስ ምግብ ደብቆ ማጉረስ

ዳቦና ፓስታ ብቻ የሚበላ ልጅ ፓስታው ውስጥ ካሮት ካገኘ ፓስታውንም ይተዋል፤ ያን ጊዜ የሚቀርዎት ዳቦ ብቻ ነው። ከአዲሱ ምግብ ጥፍር የምታክል ሳህኑ ጠርዝ ላይ ያስቀምጡና ምንም አይናገሩ። አሥራ አምስት ቀን ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። ክብደቱ ከቀነሰ ሐኪም ይየው።

ጸበል ሲሄዱ መድኃኒት ማቆም

ጸበል መሄዱ የቤተሰቡ እምነት ነው፤ እዚያ ላይ ክርክር የለንም። ኦቲዝም ካለባቸው መካከል ግን የሚጥል በሽታም ያለባቸው ጥቂት አይደሉም፤ የዚህ መድኃኒት ባንዴ ሲቋረጥ ሕመሙ ደጋግሞ ሊጥልና ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ኪኒኑ አብሮ ይሂድ፣ በሰዓቱም ይዋጥ። እየጮኸ በግድ ውሃ ውስጥ የገባ ልጅ ደግሞ በኋላ ገላውን መታጠብም ይፈራል።

ውጭ አገር፣ አማርኛውን መተው

«ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል» የሚል ምክር ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያሉ ወላጆችን ያስደነግጣል። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ንግግር እንደሚያዘገይ ጥናቶች አላሳዩም። እናት በማትመችበት ቋንቋ ስታወራ ወሬዋ ያጥራል፤ አያትማ ጭራሽ ዝም ይላሉ።

እናቲቱን መጠየቅ

«ምን በልታ ነው? ምን በድላ?» ኦቲዝም ከአስተዳደግ አይመጣም፣ ከክትባትም አይመጣም፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ክትባትንና ኦቲዝምን ያያያዘው የጥናት ጽሑፍ በ2010 ካወጣው የሕክምና መጽሔት ተሰርዟል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ስትከፍት ብዙ ልጆች ጓዳ ተደብቀው ነበር የሚያድጉት፤ ይህ ጥያቄ ዛሬም በር ያዘጋል። «ምን ልርዳሽ?» ከተባለች ደግሞ «ምንም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ነው የምትለው። ይልቅ «ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እኔ ጋ ይዋል» ይበሏት። ከዚያ በፊት እሷ ባለችበት ሁለት ቀን መጥተው አብረውት ይቀመጡ፣ ካርዶቹን ይልመዱ፣ የውጭውን በር መቀርቀሪያም እጁ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ያስመቱ።