በአንድ ግቢ ሁለት ቤት ሲሠራ፦ የጊዜ ሰሌዳ አወጣጥና የሠራተኛ ድልድል

የግንባታ የጊዜ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ቤቱ እንዲያልቅ የሚፈለግበትን ቀን አስቀድሞ ቆርጦ ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። እንዲህ ያለው ሰሌዳ ስንት ግንበኛና ስንት አናጺ እንዳለ ስለማይጠይቅ ሥራው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ይፈርሳል። እዚህ የምንከተለው ምሳሌ ዋና ቤትና ሰርቪስ በአንድ ግቢ የሚያሠራ፣ 4 ግንበኞችና አንድ የአናጺ ቡድን ብቻ ያለው ሰው ነው።

በመጀመሪያ ሥራዎቹን ከሚፈጁት ቀን ጋር ይዘርዝሩ፤ ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብም የትኛው ሥራ መቅደም እንዳለበት ይጻፉ። የሁለቱም ቤቶች ቁፋሮ 5 ቀን ይፈጃል እንበል። ከዚያ በኋላ የዋናው ቤት መሠረት 12፣ ግድግዳው 15፣ ጣሪያው 10 ቀን ይወስዳል፤ የሰርቪሱ ደግሞ በተራው 6፣ 7 እና 4 ቀን። ግምቱን ሥራውን ከሚመራው ፎርማን ጋር ይያዙ፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ውሃ የሚጠጣባቸውን ቀናትም በውስጡ ያስገቡ፣ ሠራተኛ ባይዙም ጊዜ ይይዛሉና።

ቀጥሎ ረጅሙን የሥራ ሰንሰለት ይፈልጉ፤ ይህ ሰንሰለት ወሳኝ መስመር ይባላል። ሠራተኛ እንደልብ ቢገኝ ዋናው ቤት በ42ኛው ቀን፣ ሰርቪሱ በ22ኛው ቀን ያልቃሉ፤ ስለዚህ ሰርቪሱ 20 ቀን ቢዘገይ ጠቅላላውን ሥራ አያዘገይም። ይህ ወሳኝ መስመርን የመፈለግ ዘዴ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አሜሪካ ውስጥ በዱፖንት ኩባንያ ሥራ ላይ የዳበረ ነው።

አሁን ሠራተኞቹን ይደልድሉ፤ ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። የዋናው ቤት መሠረት አራቱንም ግንበኞች የሚጠይቅ ከሆነ የሰርቪሱ መሠረት እስከ 17ኛው ቀን ይጠብቃል። የዋናው ቤት ግድግዳ በ18ኛው ቀን ሲጀመር ሁለት ግንበኞች ይበቁታል፤ ሁለቱ ወደ ሰርቪሱ ሄደው መሠረቱንና ግድግዳውን በ30ኛው ቀን ይጨርሳሉ። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ የሰርቪሱ ጣሪያ ከ31ኛው እስከ 34ኛው ቀን አናጺዎቹን ይፈልጋል፣ የዋናው ቤት ጣሪያ ደግሞ በ33ኛው ቀን ይፈልጋቸዋል።

ብዙ ሰው «ዋናው ይቅደም» ይላል። እንደዚያ ከተደረገ ግን አናጺዎቹ ሁለት ቀን ሥራ ፈትተው ይጠብቃሉ፣ ሰርቪሱም በ46ኛው ቀን ያልቃል። ሰርቪሱ ቢቀድም ዋናው ጣሪያ ከ35ኛው እስከ 44ኛው ቀን ተሠርቶ ሁሉም በ44ኛው ቀን ይጠናቀቃል። ሁለተኛ የአናጺ ቡድን መቅጠር ወደ 42 ቀን ሊመልሰው ይችላል፤ የሚያዋጣው ግን የቡድኑ ክፍያ ከሁለት ቀን መዘግየት ኪሳራ ሲያንስ ብቻ ነው።

ድልድሉ ካለቀ በኋላ ወሳኙን መስመር እንደገና ያስሉ፤ ቦታውን ቀይሯልና። የዋናው ቤት ግድግዳ አሁን ሁለት ቀን ቢዘገይ ምንም አይጎዳም፤ የሰርቪሱ መሠረት ወይም ግድግዳ አንድ ቀን ቢዘገይ ግን አናጺዎቹን፣ በእነሱም በኩል የዋናውን ቤት ጣሪያ ያዘገያል። ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ፎርማኑ በየማለዳው አስቀድሞ መጎብኘት ያለበት ሰርቪሱን ነው።