ከመኪና ወኪል መለዋወጫ ሲያዙ፦ «የለም» የሚለውን መልስ እንዴት እንደሚፈቱት

የመለዋወጫ ባንኮኒ ጋ ቆሞ «የፊት ፍሬን ሸራ ፈልጌ ነበር» ማለት ቀላል ነው። ከባንኮኒው ማዶ ያለው ኮምፒውተር ግን የሚፈልገው ቁጥር ነው። አንድ ሞዴል በአንድ ዓመት ምርት ውስጥ ሁለት ዓይነት የፍሬን ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ተገጥሞለት ሊወጣ ይችላል፤ ሸራቸውም አይገናኝም። መረጃው የጎደለው ሠራተኛ ወይ ይገምታል፣ ወይ «ነገ ይደውሉ» ይላል። ግምቱ ሲሳሳት ዕቃው ይመጣል፣ አይገጥምም፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይታዘዛል፤ መኪናው ግን ክሪክ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ደንበኛን የሚያመላልሰው ቸልተኝነትም አለ፣ እሱን አንክድም። ትክክለኛ ቁጥርና ትክክለኛ ጥያቄ ይዞ የመጣን ሰው መሸኘት ግን ለቸልተኛውም ይከብደዋል።

ሻንሲ ቁጥሩን በፎቶ ይያዙ

ሻንሲ ቁጥር በአብዛኞቹ መኪኖች 17 ፊደልና አኃዝ ነው። በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር፣ በሾፌሩ በር ምሶሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት፣ ወይም ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ብረት ላይ ይገኛል። በእጅ ገልብጠው አይሂዱ፤ ፎቶ ያንሱት። በ17ቱ ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት ፈጽሞ አይገቡም። ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሲባል ነው የተተዉት። የጻፉት ቁጥር ውስጥ ኦ ካለ ዜሮ ነው ማለት ነው። ስልክ ላይ ሲነገር ደግሞ ቢ፣ ዲ እና ፒ አንድ ድምፅ ስለሚሆኑ በጽሑፍ መላክ ይሻላል።

ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ባለ 17 ቁጥር የላቸውም። የነሱ መለያ የሞዴል ኮድ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ተከታታይ ቁጥር ነው። ብዙ ወኪሎች የሚጠቀሙበት የዕቃ ካታሎግ ለሌላ ገበያ የተዘጋጀ ስለሆነ ይህን ቁጥር ሲያስገቡ ምንም አይወጣም፤ ሠራተኛውም «መኪናው ሲስተም ላይ የለም» ይላል። እዚህ ላይ «የጃፓን አገር ውስጥ ገበያ ካታሎግ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሌላቸው የዕቃውን ቁጥር ራስዎ ይዘው መሄድ ይኖርብዎታል።

ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር የተመረተበትን ወርና ዓመት ይጻፉ። ሊብሬ ላይ ያለው ዓመት የሞዴሉ ወይም የተመዘገበበት ዓመት ሊሆን ስለሚችል የበር ምሶሶው ወረቀት ላይ ካለ እሱን ይመኑ። ካታሎጎች «እስከዚህ ወር ይህ፣ ከዚህ ወር በኋላ ያኛው» እያሉ ነው ዕቃ የሚከፍሉት። የሞተሩን ሞዴልና ካምቢዮው ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ ይጨምሩበት።

አንድ ነገር አስቀድመው ያጣሩ። የተበላሸው ዕቃ አምራቹ በነፃ እንዲቀየር ጥሪ ያደረገበት ወይም ዋስትናው ያላለቀ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው በሻንሲ ቁጥሩ ያየዋል፤ ካልጠየቁት ግን ላያነሳው ይችላል።

የዕቃው ቁጥር

የተፈታው ዕቃ እጅዎ ላይ ካለ ያጽዱትና ቁጥሩን ይፈልጉ። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ብረቱ ሲቀለጥ አብሮ የወጣው ጎላ ያለ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የቅርፁ ቁጥር እንጂ የመለዋወጫው ቁጥር አይደለም። አንድ ቅርፅ ለብዙ ዓይነት ዕቃ ያገለግላል። የሚፈለገው በተለጠፈ ወረቀት፣ በማኅተም ወይም በአሮጌው ካርቶን ላይ ያለው ነው።

የቁጥሩን አሠራር ትንሽ ማወቅ ከስህተት ያድናል። የቶዮታ ቁጥር በአብዛኛው አምስት አምስት ሆኖ በሰረዝ ይከፈላል። የፊተኛው አምስት የዕቃውን ዓይነት፣ የኋለኛው የትኛው መኪና እንደሆነ ይናገራል። 04465 የፊት ፍሬን ሸራ ነው፣ 90915 የዘይት ፊልትሮ፣ 48510 የፊት ቀኝ ሾክ አብዞርበር፣ 48520 የፊት ግራ። ፕሮፎርማው ላይ ሁለት ጊዜ 48510 ካዩ ሁለት ቀኝ ሊመጣልዎት ይችላልና ይጠይቁ። ሆንዳ ደግሞ አምስት፣ ሦስት፣ ሦስት አድርጎ ይከፍላል፤ የመካከሉ ሦስት የሞዴሉ ኮድ ነው።

ቀኝና ግራ ሁልጊዜ የሚለካው ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደፊት ሲታይ ነው። መኪናው ፊት ቆሞ «የቀኙ መብራት ተሰብሯል» ያለ ሰው የግራውን ማለቱ ነው። «የሾፌሩ በኩል» ማለትም አያስተማምን፤ አንዱ ሞዴል መሪው በግራም በቀኝም ሆኖ ሊመረት ይችላልና።

ቁጥር ይተካል። አምራቹ ዕቃውን ሲያሻሽል አሮጌውን ቁጥር ዘግቶ አዲስ ይሰጠዋል። ሠራተኛው በአሮጌው ፈልጎ ባዶ ሲያይ «ቀርቷል፣ አይመረትም» ሊል ይችላል። «የተካው ቁጥር አለ ወይ?» ብለው አጥብቀው ይጠይቁ። ተተክቷል ከተባለም አዲሱ ብቻውን ይገጥም እንደሆነ፣ ወይስ አብሮት የሚቀየር ሌላ ዕቃ እንዳለ ይጠይቁ።

አብረው ካልታዘዙ ሁለተኛ የሚያስመጡዎት ትንንሾቹ

ትልቁ ዕቃ መጥቶ በአንድ ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ምክንያት ሥራው የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዴ ከተፈቱ የማይመለሱ አሉ፦ የውሃ ፓምፕ ጓርኒሲዮን ወይም ጎሚኒ፣ የዘይት መክፈቻ ቡሎን ሮንዴላ፣ ሲጠብቁ እየተለጠጡ የሚያስሩ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ቡሎኖች፣ የጎማ አክሱል ዳዶ፣ የፓራውልትና የበር ሽፋን ፕላስቲክ ክሊፖች። የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን ሲያዙ የካንዴላ ጉድጓዶቹ ጎሚኒዎች በአንዳንድ ሞተር አብረው አይመጡም፤ በአራት ሲሊንደር ሞተር 4 ለብቻ ይታዘዛሉ። ሠራተኛው የተባለውን ብቻ ነው የሚያዘው። «የዚህን ክፍል የካታሎግ ሥዕል ያሳዩኝ» ይበሉ። ሥዕሉ ላይ እያንዳንዷ ሮንዴላ ቁጥር አላት፤ አንድ ሥራ ላይ የሚፈቱትን ሁሉ በጣትዎ እየተከተሉ ያስመዝግቡ።

«የለም» ማለት ምን ማለት ነው?

የትዕግሥት ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ነው። «የለም» ሲባል ብዙ ሰው ይወጣል ወይም ይቆጣል። ቃሉ ግን ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፤ የእያንዳንዱም መፍትሔ ለየቅል ነው።

አንደኛው እዚህ መደርደሪያ ላይ የለም ማለት ነው። ያው ወኪል ሌላ ቅርንጫፍ ወይም ዋና መጋዘን ላይ ሊኖር ይችላል፤ ጥያቄው «ሌሎቹን መጋዘኖች አይተዋል?» ነው። ሁለተኛው በወኪሉ መጋዘኖች ሁሉ የለም፣ አምራቹ ጋ ግን አለ ማለት ነው። ይህ በትእዛዝ ይመጣል። ከመደበኛው ጭነት ጋር ሲመጣና በአስቸኳይ በአየር ሲመጣ ጊዜውም ዋጋውም ስለሚለያይ ሁለቱንም ይጠይቁ። ሦስተኛው አምራቹም ጋ አልቆ ተራ የሚጠበቅበት ነው። የሚያናድደው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ሠራተኛው ቀኑን አያውቀውም፣ ባዶ እጁን ላለመታየት ግን «በሁለት ሳምንት» ይላል። «ይህ ቀን ከአምራቹ ሲስተም የወጣ ነው ወይስ የእርስዎ ግምት?» ብለው በትሕትና ይጠይቁት። ግምት ከሆነ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሌላ አማራጭ ያስቡ። አራተኛው ምርቱ ቆሟል ማለት ነው፤ ያኔ መፍትሔው ሌላ አምራች የሠራው ተመሳሳይ ወይም ደህና ያገለገለ ዕቃ ነው።

ማን እንደሚመልስልዎትም ይለያል። ስልክ የሚያነሳው የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ የመለዋወጫውን ሲስተም ላያይ ይችላል፤ በቀጥታ ከመለዋወጫ ክፍሉ ጋር እንዲያገናኝዎት ይጠይቁ። ያ ክፍል የራሱን ጋራዥ መካኒኮችም ያስተናግዳል። ጠዋት መኪኖቹ ተመርምረው መካኒኮቹ የሚሰለፉበት ሰዓት ከሆነ ረጅም ጥያቄ ይዞ መሄድ ለማንም አይበጅም።

በጽሑፍ ይዘዙ

በቃል የታዘዘ ዕቃ ሲሳሳት ማን እንደተሳሳተ አይታወቅም። ሠራተኛው በሌለበት ቀንም ፋይሉ እንደሌለ ይቆጠራል። ይህን የመሰለ መልእክት ይበቃል፦

«የሻንሲ ቁጥሩ ፎቶ ተያይዟል። የፊት ቀኝ ሾክ አብዞርበር፣ ብዛት 1። የፊት ግራ ሾክ አብዞርበር፣ ብዛት 1። የላይኛው መያዣ ጎሚኒ፣ ብዛት 2። የላይኛው ዳዶ፣ ብዛት 2። ቀኝና ግራው ከሾፌር ወንበር ሲታይ ነው። እባክዎ ለእያንዳንዱ የዕቃ ቁጥሩን፣ ዋጋውን፣ አሁን ያለበትን መጋዘንና የሚደርስበትን ቀን ይላኩልኝ። ቁጥሩ የተተካ ከሆነ አሮጌውንም አዲሱንም ይጻፉልኝ።»

መልሱ ሲመጣ ብዛቱን ይፈትሹ። ዋጋው የአንዱ ነው ወይስ የጥንዱ? የፍሬን ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለቱም ጎማ የሚበቃ አንድ ካርቶን ነው፣ ዲስክ ግን በአንድ በአንድ ሊሸጥ ይችላል። ካንዴላም እንዲሁ በፍሬ ይቆጠራል።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ፕሮፎርማው ላይ እነዚህ እንዲሰፍሩ ያድርጉ፦ የዕቃ ቁጥር፣ ብዛት፣ የሚደርስበት ቀን፣ ቢዘገይ ቀብዱ ይመለስ እንደሆነ፣ ዕቃው ቢመለስ የሚቀነስ ገንዘብ ካለ ስንት እንደሆነ። ብዙ ወኪሎች የኤሌክትሪክ ዕቃ አንዴ ካርቶኑ ከተከፈተ አይመልሱም፤ በልዩ ትእዛዝ የመጣ ዕቃም እንዲሁ። ሴንሰር ወይም የኮምፒውተር ሳጥን የሚያዙ ከሆነ መጀመሪያ ጉድለቱ የዚያ ዕቃ መሆኑን ያስመርምሩ፤ «ቀይሬ ልሞክር» እዚህ ላይ አይሠራም። ከነዚህ አንዳንዶቹ ተገጥመውም ፕሮግራም ካልተደረጉ መኪናውን አያስነሱም፣ የፕሮግራሙንም ዋጋ አብረው ይጠይቁ። ዲናሞ ወይም መሪ ሳጥን ታድሶ የሚሸጥ ከሆነ አሮጌው እስኪመለስ የሚያዝ ገንዘብ ሊኖር ይችላልና አሮጌውን አይጣሉት።

ካርቶኑን እዚያው ይክፈቱ

ዕቃው ደረሰ ሲባሉ ቸኩለው ፈርመው አይውጡ። መጀመሪያ የካርቶኑን ቁጥር ከፕሮፎርማው ጋር ያመሳክሩ። ቀጥሎ ሠራተኛው ፊት ይክፈቱት፤ ከተከፈቱ አይመለሱም የተባሉትን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ግን ቁጥሩን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ። የፊት መብራት ከሆነ ከጀርባው ያሉትን የማሰሪያ ጆሮዎች አንድ በአንድ ይንኩ፤ በጉዞ ላይ መጀመሪያ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው፣ ከፊት ሲታይ ደግሞ መስታወቱ ምንም አልሆነም። ራዲያተር ከሆነ የታጠፈ ክንፍና የተሰነጠቀ የፕላስቲክ አፍ ይፈልጉ። የፍሬን ዲስክ ከሆነ ወርዱን፣ ውፍረቱን፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ብዛትና የመካከሉን ከፍታ ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ። አሮጌው ተበልቶ ስለሚሳሳ በውፍረት ትንሽ ልዩነት ይጠበቃል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ካልተስማሙ ግን አይገጥምም።

የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው ተሸክሞት የሚሽከረከርበት ክብ ብረት) ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ላለው መኪና የሚሆነው በአንድ ፊቱ ላይ ማግኔት ያለበት ቀጭን ቀለበት ሊኖረው ይችላል፤ ከሌለው ዓይነት ጋር በዓይን አይለዩም። ትንሽ የብረት ክሊፕ ሲያስጠጉለት በአንድ ፊቱ ብቻ በስሱ ይስባል። ማግኔት ግን አያስጠጉበት፣ ያበላሸዋል። የተሳሳተው ከተገጠመ ኩሽኔታው ይሽከረከራል፣ የኤቢኤስ መብራት ይበራል፣ በፕሬስ የገባ ኩሽኔታ ደግሞ ሲወጣ ስለሚጎዳ ማንም መልሶ አይቀበልም።

ቀኑ ካለፈ

ከተነገረዎት ቀን አንድ ቀን ቀድመው በዚያው መልእክት ሥር ይጻፉ፤ አዲስ መልእክት አይክፈቱ። ጥያቄው «የት ደረሰ?» ከሆነ መልሱ «እየመጣ ነው» ይሆናል። «ትእዛዙ ወደ አምራቹ የተላከው በስንት ቀን ነው? የትእዛዝ ቁጥሩስ?» ብለው ይጠይቁ። ቀብድ ተቀብለው ትእዛዙን ሳይልኩ የረሱበት ከሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው፤ ይህ ከሚገመተው በላይ ይደርሳል። ቁጥሩን መስጠት ካልቻሉ ወደ መለዋወጫ ክፍል ኃላፊው ይሂዱ። ከፕሮፎርማው፣ ከደረሰኙና ከተለዋወጡት መልእክት ጋር አንድ አጭር ደብዳቤ ይስጡት፦ ምን እንደታዘዘ፣ መቼ እንደተከፈለ፣ ምን ቀን እንደተባለ፣ አሁን የሚፈልጉት ዕቃው ነው ወይስ ገንዘቡ። ሁለቱንም አይጠይቁ፤ አንዱን ይምረጡና መልስ የሚጠብቁበትን ቀን ይጻፉበት። ከዚያ በላይ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ በመጨረሻም የአምራቹ የደንበኞች ክፍል አለ። አምራቹ ሲጠየቅ የሚያየው ሻንሲ ቁጥሩንና የትእዛዝ ቁጥሩን ስለሆነ ሁለቱን ደብዳቤው አናት ላይ ያስቀምጡ።

ዕቃው ተገጥሞ መኪናው ጥቂት ቀን እስኪነዳ ድረስ ካርቶኑን፣ ከነወረቀቱ፣ እና አሮጌውን ዕቃ ያቆዩ። ደረሰኙ ላይ የተገጠመበትን ቀንና ኪሎሜትር ይጻፉበት፤ በዋስትና ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።