ሲንተሳይዘሩ ከኮምፒውተሩ ጋር አልሄድ ሲል

«ሲንተሳይዘሩ ከትራኩ ጋር አልሄድ አለኝ» ሲባል ቢያንስ ሦስት የተለያየ ችግር ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ በእኩል መጠን ይዘገያል? አንዴ ይቀድማል አንዴ ይዘገያል? ወይስ ልክ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይርቃል? መፍትሄያቸው ለየቅል ነው። ሴቲንግ ከመነካካታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ እወቁ።

ለዚህ ጆሮ ብቻውን አይበቃም። ሲንተሳይዘሩ ላይ አጭርና ደረቅ ድምፅ ምረጡ። ኮምፒውተሩ ላይ ካለው የሙዚቃ መቅጃ ሶፍትዌር በየምቱ አንድ ኖታ ላኩለት። ችግሩ አርፔጂዬተሩ (ኮርዱን ኖታ በኖታ እየበተነ የሚጫወተው) ላይ ወይም በራሱ ሲኩዌንሰር (የተሞላለትን ፓተርን እየደጋገመ የሚጫወተው) ላይ ከሆነ እሱን አስጀምሩት። ለአንድ ደቂቃ ያህል ቅዱና የድምፁን ሞገድ አጉልታችሁ ምቶቹን ከሚያሳዩት የግሪዱ መስመሮች ጋር አስተያዩ።

ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ

ፕሌይ ስትሉ ሲኩዌንሰሩ ዝም ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክሎኩ (መሣሪያዎቹ እኩል እንዲሄዱ ምቱን የሚያስጠብቀው ምልክት) «ኢንተርናል» ላይ፣ ማለትም የራሱ ላይ ነው። ወደ ሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተር ትዕዛዝ የሚለዋወጡበት ቋንቋ) ወይም ወደ ዩኤስቢ ቀይሩት። ሶፍትዌሩም ክሎክ እንዲልክ መታዘዝ አለበት። ኤብልተን ላይቭ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ከአውትፑት (መላኪያ) ፖርቱ ጎን «ሲንክ» የሚለውን አብሩ፤ ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይ «ሴንድ ማስተር ሲንክ» ይባላል። ርካሽ የዩኤስቢ ሚዲ ኬብል ከሆነ ሁለቱን ጫፎች አለዋውጣችሁ ሞክሩ።

ሁልጊዜ በእኩል መጠን የሚዘገይ ከሆነ

ይህ ደግ ችግር ነው፤ ይለካል፣ ይታረማል። ምክንያቱ በአብዛኛው በፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማስተላለፉ በፊት የሚያጠራቅምበት ቋት) ነው። በ44,100 የሳምፕል ፍጥነት 512 በፈር ማለት 11.6 ሚሊሰከንድ ነው። 128 ላይ ስታወርዱት 2.9 ይሆናል። ስትቀዱ ዝቅ አድርጉት፣ ሚክስ ስታደርጉ መልሳችሁ ከፍ አድርጉት።

ከዚያ የቀረውን ለኩ። የቀዳችሁት ምት ከመስመሩ በ9 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ አገኛችሁት እንበል። ኖታ የምትልኩት በላይቭ «ኤክስተርናል ኢንስትሩመንት» ከሆነ «ሃርድዌር ላቴንሲ» (የመሣሪያው መዘግየት) ላይ 9 ጻፉ። ሲንተሳይዘሩ በክሎክ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የፖርቱ የክሎክ መዘግየት ላይ -9 አስገቡ። ደግማችሁ ቅዱና መስመሩ ላይ መቀመጡን አረጋግጡ። በፈሩን በቀየራችሁ ቁጥር ይህ ቁጥር ሊቀየር ስለሚችል እንደገና ለኩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው።

የሚወዛወዝ ከሆነ

ሲንተሳይዘሩ ላይ ያለው ቴምፖ 119፣ 121፣ 120 እያለ ሲዋዥቅ ታያላችሁ። የሚዲ ክሎክ ቴምፖውን በቁጥር አይናገርም። በአንድ ሩብ ኖታ 24 ጊዜ «ቲክ» ይላል፣ ሌላውን መሣሪያው ራሱ ከክፍተቱ ያሰላል። በ120 ቴምፖ በሁለት ቲክ መካከል ያለው ክፍተት 20.8 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። አንዱ ቲክ በሁለት ሚሊሰከንድ ከዘገየ ስሌቱ ይዛባል።

የሚያዘገየው የተጨናነቀ መንገድ ነው። በተለመደው የሚዲ ኬብል አንድ ኖታ ለማለፍ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ኮርድ፣ የኖብ እንቅስቃሴና ክሎክ በአንድ ፖርት ሲግተለተሉ ወረፋ ይፈጠራል። ስለዚህ ከሃብ (ከዩኤስቢ ማብዣ) ላይ ነቅላችሁ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ። ክሎክ ለማያስፈልገው መሣሪያ ክሎክ አትላኩ። ከቻላችሁ ለክሎክ ብቻ አንድ ፖርት መድቡ። ይህ ሁሉ ካልበቃ ክሎኩን ከኦዲዮ ሲግናል የሚያወጡ ሳጥኖች አሉ፤ የኢ-አርኤም መልቲክሎክ አንዱ ነው። ውድ ነው፣ ግን ይሠራል። ኮምፒውተሩ ሲንተሳይዘሩን እንዲከተል ማድረግን ግን አልመክርም፤ ውዝዋዜው ወደ ሙሉ ፕሮጀክቱ ይዛመታል።

ቀስ በቀስ የሚርቅ ከሆነ

ክሎክ አልተገናኘም ማለት ነው። ሁለቱም ላይ በእጅ 120 መሙላት አያዋጣም። የ0.05 ልዩነት ብቻ በ4 ደቂቃ ውስጥ 100 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ክሎክ አገናኙ።

ችክችካ ላይ ብቻ የሚሳት ከሆነ

ይህ የእኛ ሙዚቃ ላይ በደንብ የሚያጋጥም ነው፤ ሰው ሲንኩ ተበላሸ ብሎ ኬብል ይቀይራል። ሲንኩ ደህና ነው። ችክችካ በ6/8 ሲጻፍ አንዱ ባር 12 አሥራ ስድስተኛ ኖታ ነው፤ የመሣሪያው ፓተርን ግን 16 እርከን ነው። የመጀመሪያው ባር ላይ ልክ ይመስላል፣ ሁለተኛው ላይ ይንሸራተታል፣ ከአራት ባር በኋላ ተመልሶ ይገጥማል። ይህን የመሰለ ዙር ካያችሁ የፓተርኑን ርዝመት 12 አድርጉ።

ቴምፖውንም ተመልከቱ። ክሎክ የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ነው። እግራችሁ የሚመታው ግን ባለነጥቡን ሩብ ነው፤ እሱ 36 ቲክ ይወስዳል። በእግራችሁ 120 የሆነው ሶፍትዌሩ ላይ 180 መሆን አለበት። 120 ሞልታችሁ ከሆነ አርፔጂዬተሩ በትክክል ይከተላችኋል፣ ግን ካሰባችሁት በአንድ ሦስተኛ ዝግ ብሎ።